ፍሬናችንና ኩራታችን

ለሌላው ትምህርት ይሆን እንደ ሆነ ጥፋታችንን እንናዘዛለን። ጀርመን አገር የምንማር ሦስት ጓደኛሞች በዕቁብ ገንዘብ አንዲት አሮጌ የማዝዳ ስፖርት መኪና ገዝተን፣ ለግል ነጂዎች በሚከፈትበት ቀን ኑርቡርግሪንግ ወደሚባለው የውድድር መንገድ ወሰድናት። አንዱ ዙር 20.8 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቁልቁለቱም ለፍሬን ዕረፍት አይሰጥም። በሁለተኛው ዙር ፔዳሉ ለሰለሰና እስከ ወለሉ ወረደ። ደጋግመን በመርገጥና ማርሽ በመቀነስ ከመታጠፊያው ለጥቂት ተረፍን።

መኪናይቱ ስትበርድ ፔዳሉ ተመለሰ። «ሸራው ነው!» ብለን የምሳችንን ገንዘብ ለአዲስ ሸራ አወጣን። ታናሻችን ግን «ሸራው ቢሆን ኖሮ ፔዳሉ እንደ ጠነከረ መኪናዋ አልቆም ትል ነበር፤ የፈላው ዘይቱ ነው» ቢለን ሳቅንበት።

በሚቀጥለው ጉዞ ፔዳሉ ዳግመኛ ወረደ። ያን ጊዜ አፈርን።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል፤ ውሃ ሲገባበት ግን ልኩ እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎትም ስለሚታመቅ የእግር ኃይል ከጎማው አይደርስም። ሲበርድ ደግሞ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆንና ጥፋቱን ይሸሽጋል።

የእኛው ዘይት እንደ ቡና ጠቁሮ ነበር። አዲስ ሞላን፤ ከአራቱም ጎማ አየሩን አስወጣን፤ ፔዳሉም ጸና።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ዘይቱን ለመለወጥ አንድ ከሰዓት በኋላ በቃን። የታናሻችንን ቃል ለመስማት ግን ሞትን ሁለት ጊዜ ማየት አስፈለገን። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለምን?