መጀመሪያ ይብሳል

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ስታገኙ አንብቡት። በተለይ ድሮ ያስተማርኳችሁ ልጆች።

ነገሩ የጀመረው በገና ዱላ ነው። እኔ ሽሮ ሜዳ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ታኅሣሥ ሲገባ ዱላዬን ይዤ ሜዳ ካልወጣሁ በዓሉ በዓል አይመስለኝም። ላልተጫወታችሁት፦ ጫፉ ቆልመም ባለ ዱላ ከእንጨት የተሠራች ሩር እየመታችሁ ወደ ተቃራኒ ቡድን ግብ ማድረስ ነው። ጨዋታው ሆኪን ይመስላል፤ ራቅ አድርጎ ለመላክ ሲመታ ግን አመታቱ የጎልፍ ዘመድ ነው።

እኔ የምመታው በጉልበት ነው። ክንዴን አምኜ ዱላውን ከኋላ አምጥቼ መደብደብ! አስር ጊዜ ብመታ ግን ሩሯ ወደፈለግሁበት የምትሄደው አራቴ ቢሆን ነው። በቀረው ወይ መሬቱን እገርፋለሁ፣ ወይ ሩሯ ወደ ጎን ትበራለች። ማታ ደግሞ ወገቤ አያስተኛኝም።

ኅዳር መጨረሻ ላይ እሑድ ጠዋት ስንለማመድ አንድ የድሮ ተማሪዬ ቆሞ ያየኝ ነበር። አሁን ስፖርት ሳይንስ ተምሮ ልጆች ያሠለጥናል።

«ቲቸር፣ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልንገርዎት?» አለኝ።

«በገና ጌታም አይቆጣ፣ አስተማሪ ምን ቤት ነው? ንገረኝ» አልኩት።

«እርስዎ የሚመቱት በክንድዎ ብቻ ነው። እግርዎና ወገብዎ ቆመው ነው የሚያዩት።»

እውነት ለመናገር ከፋኝ። የስፖርት አስተማሪ ነኝ እኮ! ለዲፕሎማዬ ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ ተምሬ ተፈትኜ አልፌያለሁ። ግን ልጁ ቀጠለ። «ቡሄ ላይ ጅራፍ አጩኸው ያውቃሉ አይደል? ጅራፉን የሚያስጮኸው ጉልበት ነው?» አይደለም። ኃይሉ ከክንድ ተነሥቶ በገመዱ እየተላለፈ ጫፉ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ከድምፅ ፍጥነት ይበልጣል፤ የምንሰማው ጩኸትም እሱ ነው። ዱላም እንደዚያው ነው። መነሻው እግር፣ ከዚያ ዳሌ፣ ከዚያ ትከሻ፣ ክንድ መጨረሻ ላይ ይከተላል። ክንድ ቀድሞ ከሄደ ከታች የሚመጣው ኃይል መንገድ ላይ ይቀራል።

ከዚያ አራት ነገር ሰጠኝ። አንደኛ፣ የግራ ትከሻህ ወደምትመታበት ይዙር። ሁለተኛ፣ ዱላው ወደ ኋላ ሲሄድ ክብደትህ የኋላ እግርህ ላይ ይረፍ፤ ሲመለስ ወደ ፊተኛው ይሂድ። ሦስተኛ፣ ዱላውን አንቀህ አትያዝ። አራተኛ፣ ሩሯ ከተመታች በኋላም ዓይንህ የነበረችበት ቦታ ላይ ይቆይ። (እሱ በአንቱታ ነው የነገረኝ፤ እኔ ነኝ ያሳጠርኩት።)

ውጤቱስ? ባሰብኝ!

በመጀመሪያው ሳምንት ሩሯን ጭራሽ መንካት አቃተኝ። ዱላዬ አየር ሲቀዝፍ የሰፈር ሕፃናት በሳቅ ፈረሱ። በሁለተኛው ሳምንት «የድሮው ቢያንስ አራት ይመታልኝ ነበር» ብዬ ልተወው ደረስኩ። ምክንያቱ አሁን ገብቶኛል። የድሮው አመታት ሰውነቴ ውስጥ ነው፤ ሳላስብ ይመጣል። አዲሱ ግን ገና ጭንቅላቴ ውስጥ ነው። ጭንቅላቴ እግርን፣ ዳሌን፣ ዓይንን በየተራ ሲያዝዝ ሩሯ ሄዳለች።

ልጁ ግን አልደነገጠም። «ቲቸር፣ ለጊዜው ሩሯ የት እንደሄደች አይቁጠሩ። እግርዎ በትክክል መቆሙን ብቻ ይቁጠሩ» አለኝ። ያለ ሩር አስጀመረኝ፤ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ በግማሽ አመታት፣ ከዚያ በሙሉ።

የታይገር ዉድስንም ታሪክ ያነሳልኝ እሱ ነው። ዉድስ እ.ኤ.አ. በ1997 የማስተርስን ውድድር በ12 ምት ልዩነት አሸነፈ፤ ዕድሜው 21 ነበር። ሰው እንዲህ አሸንፎ ምን ይቀይራል? እሱ ግን ከአሠልጣኙ ከቡች ሃርመን ጋር አመታቱን እንደገና ሊሠራ ገባ። በ1998 በአሜሪካው ፒጂኤ ቱር ያሸነፈው አንድ ውድድር ብቻ ነው። በ1999 ስምንት አሸነፈ። በ2000 ደግሞ የአሜሪካን ኦፕን በ15 ምት ልዩነት ወሰደው። በመካከል ያለችውን ያቺን 1998 አስቧት።

እኔም ይህን እያሰብኩ ነው አንዲት ልጅ ትዝ ያለችኝ።

ከስምንት ዓመት በፊት ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ በሩጫ ከትምህርት ቤቱ ሴቶች የሚቀድማት አልነበረም። ስትሮጥ ግን እጆቿ ደረቷ ላይ ይጠላለፋሉ፣ እርምጃዋም ከመጠን በላይ ይረዝማል። ውድድር 15 ቀን ሲቀረው እኔ ብልጡ ሁሉንም ቀየርኩባት። ውድድሩ ላይ ከመጨረሻዎቹ ጋር ገባች። እኔም ጓደኞቿ ፊት «የነገርኩሽን ስለማትሰሚ ነው» አልኳት። ከዚያ በኋላ ልምምድ አልመጣችም። «ሰነፍ ናት» ብዬ ስሟን ከዝርዝሩ ሰረዝኩት።

ዘንድሮ ዱላዬ አየር ሲቀዝፍ ነው የገባኝ። ልጅቷ ሰምታኛለች። የተሸነፈችውም ስለሰማችኝ ነው። የራሷን አሯሯጥ ወሰድኩባት፣ አዲሱን የምትለምድበትን ጊዜ ግን አልሰጠኋትም። እኔ በ30ዎቹ ዕድሜዬ የሚታገሠኝ አሠልጣኝ አግኝቻለሁ፤ እሷ በ15 ዓመቷ አላገኘችም።

የገና ዕለትስ እንዴት ሆነ ለምትሉኝ፦ ተሸነፍን። ግን አንዴ ያለ ጉልበት መታኋት፣ ድምፁ ራሱ ሌላ ነበር፤ ሩሯ ቀጥ ብላ ሄደች። ማታም ወገቤን አላመመኝም።

ከአሁን በኋላ በእኔ ክፍል አዲስ ነገር የሚለማመድ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነጥብ አይያዝበትም። ውድድር ሲቃረብም የማንንም አሯሯጥ አልነካም። አስተማሪ ጓደኞቼ፣ እናንተም አስቡበት።

አንቺም ይህን ካነበብሽ ራስሽን ታውቂዋለሽ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ያኔ ጓደኞችሽ ፊት ስለተናገርኩሽ፣ ይቅርታውንም ሰው ፊት ልበል ብዬ ነው እዚህ የጻፍኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ።