ስለ ሪፓክ ቁልቁለትና ስለ ቢሲክሌት ፍሬን

በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ፣ ከፌርፋክስ ከተማ አጠገብ፣ ሪፓክ የሚባል ቁልቁለት አለ። በ3 ኪሎ ሜትር ተኩል ርቀት ውስጥ 400 ሜትር ያህል ይወርዳል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1976 ዓ.ም. ወጣቶች በአሮጌ ቢሲክሌት ሲሽቀዳደሙበት የኋላው ፍሬን እጅግ ስለሚግል ግራሶው እየጤሰ ያልቅ ነበርና ዐዲስ መሙላት ግድ ሆነ፤ የስሙም ትርጓሜ «ዳግመኛ መሙላት» ነው።

ስለዚህ ለልጁ የተራራ ቢሲክሌት የሚገዛ አባት ከቀለሙ ውበት አስቀድሞ ፍሬኑን ይመርምር፤ የልጁ ሕይወት በርሱ ተይዟልና። ዋጋቸው ከማይከብድ ዲስክ ፍሬኖች መካከል በሽቦ የሚሳበው በመንገድ ላይ ለመጠገን ይቀላል፤ በዘይት የሚሠራው ግን በጥቂት የጣት ኃይል አጥብቆ ይይዛል። ረዥም ቁልቁለት ላለበት አገር፣ የቢሲክሌቱ አሠራር ከፈቀደ፣ ባለ 160 ሚሊ ሜትሩን ዲስክ ትቶ ባለ 180ውን ይምረጥ፤ ሰፊ ብረት ሙቀትን ይችላልና።