ሳይመረምሩ መፍረድ

ታናሽ ወንድሜ ጊታሩን የሚያሰማበት ባለ መስታወት ቱቦ የድምፅ ማጉያ አንድ ማታ ያጕረመርም ጀመር። «ጥለህ ሰበርኸው» ብዬ ተቈጣሁት፤ እርሱም አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

በማግሥቱ መመርመር ያዝሁ። ጕርምርምታው የገደል ማሚቶውን ማዞሪያ ስቀንስ ይጠፋል፤ ስጨምር ይበረታል። ማሚቶውን የሚሰጡት በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ የተወጠሩ ቀጫጭን ሞላዎች ናቸው፤ ብልሃቱም እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት ለሐሞንድ ኦርጋን የተበጀ ነው። ከሣጥኑ የሚመለሰውን ሽቦ ብነቅል ጸጥ አለ፤ እንግዲህ ተቀባዩ ቱቦ ንጹሕ ነው። ሽቦውን በሌላ ብለውጥ ማጉያው ዳነ፤ ባዕድ ድምፅ እንዳይገባ የሚከላከለው የአሮጌው ሽቦ የውጭ መረብ በእርጅና ተበጥሶ ኖሯል።

ሽቦውን ለመለወጥ ጥቂት ደቂቃ በቃኝ፤ ታናሼን ይቅርታ ለመጠየቅ ግን ሦስት ቀን ፈጀብኝ።