በፋንታሲ እግር ኳስ የሚጠቅመው ወሬ የትኛው ነው?

ሰኞ ጧት ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍላችን የገባ ሰው ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ «ስንት ነጥብ አገኘህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ውድ አንባቢዬ፣ ነገሩ የፈተና ውጤት እንዳይመስልዎ፤ የሚጠየቀው ስለ ፋንታሲ እግር ኳስ ነው። እኔ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ የማስተምር ወጣት ስሆን ከአሥራ አንድ ባልደረቦቼ ጋራ በዚህ ጨዋታ እወዳደራለሁ። ውድድሩ በግንቦት ሲያልቅ ተሸናፊዎቹ አዋጥተው አሸናፊውን ምሳ ይጋብዛሉ። የምሳው ዋጋ ቀላል ነው፤ በመጨረሻው ላይ ክረምቱን ሙሉ የሚወርድበት ቀልድ ግን ከባድ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ተወዳዳሪው በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ከሚጫወቱት መካከል በ100 ሚሊዮን ፓውንድ የሐሳብ ገንዘብ 15 ሰዎች ይገዛል፤ 2 በረኞች፣ 5 ተከላካዮች፣ 5 አማካዮችና 3 አጥቂዎች። ከአንድ ክለብ ከ3 በላይ መውሰድ አይፈቀድም። ከነዚሁ 11ዱን ያሰልፋል፤ አንዱንም አምበል ያደርጋል፤ የአምበሉ ነጥብ እጥፍ ይታሰባል። ተጫዋቾቹ በእውነተኛው ሜዳ የሠሩት ሥራ ወደ ነጥብ ይለወጣል። በየሳምንቱ አንድ ተጫዋች ያለ ቅጣት መለወጥ ይቻላል፤ ከተፈቀደው በላይ ለሚለወጠው ለእያንዳንዱ ግን 4 ነጥብ ይቀነሳል። ስለዚህ በከንቱ ወሬ ተነሣሥቶ መለዋወጥ በነጥብ የሚከፈል ዕዳ ነው።

ወሬው ደግሞ እንደ ሐምሌ ጎርፍ ነው። ከጎርፉ መካከል የሚጠጣውን ውሃ ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል እላለሁ፤ ይኸውም «ይህ ወሬ ተጫዋቹ በሚመጣው ጨዋታ ስንት ደቂቃ እንደሚጫወት ይነግረኛልን?» የሚል ነው። ባለፈው ሳምንት ሁለት ግብ ያገባውን ሰው ዓለም ሁሉ አይቶታል፤ እርሱን ማወቅ ከማንም አያስበልጥም። ስድሳ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ የተጫወተ 2 ነጥብ ያገኛል፤ ከዚያ በታች የተጫወተ 1 ነጥብ ብቻ። ተከላካይም ቡድኑ ግብ ሳይቆጠርበት 4 ነጥብ የሚያገኘው 60 ደቂቃ ሲሞላ ነው። ጭራሽ ያልተሰለፈ ሰው ቢኖርዎ ከተጠባባቂዎችዎ አንዱ ይተካዋል። በመጨረሻዋ ደቂቃ ተቀይሮ የገባ ግን 1 ነጥብ ይዞ የተጠባባቂውን በር ይዘጋብዎታል። ስለዚህ ከቀረው ሰው ይልቅ ለጥቂት ደቂቃ የገባው የሚጎዳበት ጊዜ አለ።

ታዲያ ስለ ደቂቃ የሚናገር ወሬ ከወዴት ይገኛል? መጀመሪያው ምንጭ የቀን መቁጠሪያው ነው። በሳምንቱ አጋማሽ በአውሮፓ ዋንጫ የተጫወተ ቡድን ቅዳሜ አንዳንድ ሰዎቹን ሊያሳርፍ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ 19 የሊግ ጨዋታዎች ውስጥ 5 ቢጫ ካርድ የደረሰበት ተጫዋች አንድ ጨዋታ ይታገዳል፤ እንግዲህ 4 ያለበትን ሲገዙ ይህን ያስቡ። ይህ ሁሉ ምስጢር አይደለም፤ ቆጥሮ ለሚይዝ ሰው የተገለጠ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ የአሠልጣኙ አፍ ነው። አሠልጣኞቹ ከጨዋታው አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድመው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሐሙስና ዓርብ፣ ማን እንደ ታመመና ማን ልምምድ እንደ ጀመረ ለጋዜጠኞች ይናገራሉ። የጨዋታው መዝጊያ ደግሞ ከሳምንቱ የመጀመሪያ ግጥሚያ 90 ደቂቃ በፊት ነው። የቡድኖቹ አሰላለፍ ይፋ የሚሆነው ከዚያ በኋላ ስለ ሆነ ከዓርብ ንግግር የተሻለ ነገር ብዙ ጊዜ አይገኝም። የቅዳሜው የመጀመሪያ ግጥሚያ በለንደን ከቀትር በኋላ በ12፡30 የሆነ እንደ ሆነ፣ መዝጊያው በእኛ ሰዓት ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። እንግሊዞች ከጥቅምት ወር በእነርሱ አቆጣጠር የመጨረሻ እሑድ ጀምረው እስከ ማርች መጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን ስለሚመልሱ፣ በነዚያ ወራት መዝጊያው 8 ሰዓት ይሆናል። በችኮላ ረቡዕ የወሰነ ሰው የዓርቡን ወሬ ሳይሰማ ገንዘቡን አጥፍቷል፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው።

ሦስተኛው ነገር ተናጋሪውን መመርመር ነው። ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. መሐመድ ሳላሕ በኮት ዲቯር በተደረገው የአፍሪቃ ዋንጫ ግብጽ ከጋና ጋራ ስትጫወት ተጎዳ። በመጀመሪያ ከግብጽ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የተሰማው ሁለት ጨዋታ ብቻ እንደሚያመልጠው ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ወኪሉ ጉዳቱ ከታሰበው የከፋ መሆኑንና ከ21 እስከ 28 ቀን እንደሚያስቀምጠው ገለጠ። ሳላሕ ለሊቨርፑል ወደ ሜዳ የተመለሰው የካቲት 9 ቀን፣ ልክ በወሩ፣ ብሬንትፎርድ ላይ ተቀይሮ ገብቶ ነው፤ ግብም አገባ። ሁለቱም ወሬዎች ባለቤት ነበራቸው፤ የኋለኛው ግን ለተጎጂው ቅርብ ከሆነ ሰው የመጣ፣ ቀኑም የቀረበ ነበር። ፊተኛውን ብቻ ይዞ የተቀመጠ ሰው አንድ ወር ሙሉ ባዶ ወንበር ታቅፎ ሰነበተ።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከትምህርት በኋላ በእግሩ ሲሄድ አግኝቼ ብጠይቀው፣ የሳምንቱን የታክሲ ገንዘብ «እርግጠኛ ምስጢር አለኝ» ላለ ለማያውቀው ሰው እንደ ከፈለ ነገረኝ። ልጁን አልተቆጣሁትም። የገዛውን ወረቀት ላይ እንዲጽፍ አደረግሁና አንድ በአንድ መረመርነው። እውነት የሆነችው አንዲቷ ነገር አሠልጣኙ ዓርብ ዕለት በነፃ የተናገራት ስትሆን የቀረው ባለቤት የሌለው ግምት ነበር። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ታሪክ ስንማር የተማርናቸውን ሦስት ጥያቄዎች ሰጠሁት፤ ማን ተናገረ? መቼ ተናገረ? ተናጋሪው በዓይኑ ምን ሊያይ ይችል ነበር? ከዚያ ወዲያ ደብተሩን በሦስት ዓምድ ከፍሎ ይጽፍ ጀመር። ውድድሩ ሲያልቅ ከጓደኞቹ መካከል ሦስተኛ ወጣ። የታክሲ ገንዘቡ ግን ለታክሲ ዋለ።

ውድ አንባቢዬ፣ ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይላሉ አባቶቻችን። እርስዎም በዚህ ጨዋታ ቢገቡ ሰኞ ዕለት ይታገሡ፤ ማክሰኞና ረቡዕ የቀን መቁጠሪያውን ይመልከቱ፤ ዓርብ አሠልጣኞቹን ያድምጡ፤ ቅዳሜ ከመዝጊያው በፊት ይወስኑ። ለወሬ ገንዘብ የሚጠይቅዎ ሰው ቢያጋጥምዎ ግን ሦስቱን ጥያቄዎች ይጠይቁት። መልስ ካጣ ኪስዎን ይዝጉ።