ፊደላችንና ዓለም አቀፉ መለያ ቁጥር፦ ከአንድ የልወጣ ሥራ የተገኘ ምልከታ

ለኮምፒውተር «ሀ» 4608 ነው። «ለ» 4616፣ «ሐ» ደግሞ 4624 ነው። በመካከላቸው ያለው የስምንት ልዩነት ለየፊደሉ ቤት ሰባቱ እርከኖችና አንድ ተጨማሪ ዲቃላ እንዲቀመጡበት ታስቦ የተተወ ቦታ ነው። ይህ አቆጣጠር በአዲስ አበባም ሆነ በአሥመራ፣ በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ አንድ በመሆኑ፣ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው የተላከ አማርኛ ሳይዛባ ይደርሳል። ዛሬ በስልኩ የሚጽፍ ወጣት ነገሩን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ቢቆጥረው አይፈረድበትም። ቁጥሮቹ ግን በስብሰባ፣ በድምፅ አሰጣጥና በብዙ የሰነድ ምልልስ የተወሰኑ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው እንዲህ ያለው ስምምነት እንዴት እንደሚደረስበትና ከስምምነቱ ውጭ የቀረ ነገር ምን እንደሚገጥመው ነው። ጉዳዩን ያወቅሁት ከመጻሕፍት አስቀድሜ በሥራ ነው።

ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የመረጥሁት ርዕስ የአማርኛ ጽሑፎችን በኮምፒውተር ፈልጎ ማውጣት ነበር። ለመፈተኛ የሚሆነኝን ክምችት ያገኘሁት ከአንድ ቤተ መጻሕፍት፣ በፍሎፒ ዲስክና በሲዲ ከተቀመጡ የቆዩ የመመረቂያ ጽሑፎች ነው። ፋይሎቹ ያለ ችግር ተከፈቱ፤ በማያ ገጹ ላይ የወጣው ግን የላቲን ፊደላት፣ የጥያቄ ምልክትና የቅንፍ ዝንቅ ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ፎንት መያዝ የሚችለው ቢበዛ 256 ቦታ ሲሆን፣ የእኛ ፊደል ከነዲቃሎቹ ከ300 ይበልጣል። ስለዚህ የሶፍትዌር አዘጋጆች ፊደሉን በሁለትና በሦስት ፎንቶች እያከፋፈሉ፣ አለዚያም ቅጥያዎቹን ለይተው እየገጣጠሙ፣ በላቲን ቁጥሮች ላይ የግዕዝ ቅርጽ አለበሱ። ለጊዜው ብልኀት ነበር፤ ያለ እርሱ እነዚያ ጽሑፎች ከነጭራሹ ባልተጻፉ ነበር። ሆኖም እያንዳንዱ አዘጋጅ የየራሱን አደላደል ስለተከተለ፣ በአንዱ ሶፍትዌር «መ» የሆነው ቁጥር በሌላው «ጨ» ይሆናል። ፎንቱ ከኮምፒውተሩ ሲወገድ ቅርጹ ይገፈፍና ቁጥሩ ብቻ ይቀራል።

የፎንቱ ስም ከጽሑፉ ጋር አብሮ ተቀምጦ ከተገኘ፣ ሠንጠረዥ ሠርቶ መለወጥ የትዕግሥት ጉዳይ ነው። አስቸጋሪው ጽሑፉ ወደ ተራ የጽሑፍ ፋይል ተገልብጦ የፎንቱ ስም የጠፋ እንደሆነ ነው። እንዲህ ያሉትን እንደ ምሥጢር ጽሕፈት ከመፍታት በቀር ምርጫ አልነበረኝም፦ ብዙ ጊዜ የሚደጋገመው ምልክት የትኛው ነው፣ በቃል መጨረሻ የሚመጣውስ፣ «ነው» ሊሆን የሚችለው የሁለት ምልክት ጥምረት የቱ ነው እያሉ። ስድስት ወር ፈጅቶብኛል። ጥቂቶቹን እስከ ዛሬ ማንበብ አልቻልሁም፤ ከእነዚህም መካከል የመስክ ቃለ መጠይቆችን እንደያዘ ከርዕሱ የምረዳው አንድ ሥራ አለ። ጸሐፊው በሕይወት ያገኛቸውን ሽማግሌዎች አነጋግሮ የጻፈው ቃል በዲስኩ ላይ አለ፤ የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚናገረው ስምምነት ግን የለም።

ስምምነቱ በዓለም ደረጃ የመጣው በሁለት መንገድ ነበር፤ ሁለቱም መጀመሪያ ላይ ተቀናቃኞች ነበሩ። በአንድ በኩል የኩባንያዎች ባለሙያዎች ነበሩ። የዜሮክሱ ጆ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1988 ባቀረበው ሰነድ ዩኒኮድ የሚል ስም የሰጠውን ሐሳብ ዘረጋ፦ ለእያንዳንዱ ፊደል 16 ቢት ቢመደብ 65,536 ቦታ ይገኛል፤ ይህም ለዘመኑ ጽሕፈት ይበቃል አለ። በሌላ በኩል ዓለም አቀፉ የስታንዳርድ ድርጅትና ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን በጋራ የሚመሩት ኮሚቴ፣ አገሮች በብሔራዊ የስታንዳርድ ተቋሞቻቸው በኩል የሚወከሉበት፣ 10646 የሚል ቁጥር የተሰጠውን እጅግ ሰፊ ሥርዓት ያረቅቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 የኮሚቴው ረቂቅ ለአባል አገሮች ድምፅ ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀረ። ሁለቱ ወገኖች ተነጋግረው ሠንጠረዦቻቸውን አዋሐዱ፤ የ10646 የመጀመሪያው እትም በ1993 ወጣ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ያለ ሌላው ፊደል አይጨምርም። ሁለቱም ከመጀመሪያ አቋማቸው ፈቀቅ ማለታቸውን ልብ ይሏል። 65,536 ቦታ እንደማይበቃ ሲታወቅ ዩኒኮድ ጣሪያውን ከፍ አደረገ፤ ኮሚቴውም የራሱን ሰፊ ጣሪያ ዝቅ አድርጎ በ1,114,112 ላይ ተገናኙ።

በእነዚህ ዓመታት የተማሩት ከባድ ትምህርት ደግሞ የኮሪያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ዩኒኮድ 2.0 የኮሪያ ቀለማት ከነበሩበት ተነሥተው፣ 11,172 ሆነው ወደ አዲስ ሥፍራ ተዛወሩ። በቀድሞው አቆጣጠር የተጻፈ ጽሑፍ ሁሉ በአንድ ጊዜ ትርጉም አጣ። ከዚያ በኋላ የተያዘው ደንብ ጥብቅ ነው፦ አንድ ጊዜ የተሰጠ ቁጥር አይነሣም፤ አይዛወርም፤ የተመዘገበ ስምም አይለወጥም። ደንቡ ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ ለመረዳት፣ በ2005 «ብራኬት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሁለት ፊደላት ተዛውረውበት የተመዘገበ አንድ የቅንፍ ምልክት መኖሩን መጥቀስ ይበቃል። ስሕተቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከጎኑ የታረመ ቅጽል ስም ተሰጠው እንጂ ዋናው ስም እንደ ነበረ ይኖራል።

የግዕዝ ፊደል የገባው ከዚህ ደንብ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በ10646 ማሻሻያ፣ በ1999 ደግሞ በዩኒኮድ 3.0፣ 345 ምልክቶች ከነቁጥሮቹና ከነሥርዓተ ነጥቡ ተመዘገቡ። በዚያ ጊዜ የተወሰነው ስለዚህ ለዘለቄታው የተወሰነ ነው። «አ» «የጉሮሮ» የሚል ድምፃዊ መጠሪያ ሲሰጠው፣ «ዐ» ከዚያ ከፍ ካለ የጉሮሮ ክፍል በሚወጣ ድምፅ ተጠርቷል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ልዩነት በአፉ አያውቀውም፤ ትግርኛ ተናጋሪ ግን ያውቀዋል፤ የግዕዝ ሊቃውንትም ይመሰክሩለታል። የሞክሼ ፊደላት ክርክር በአገራችን አሥርተ ዓመታት ያስቆጠረ ሆኖ ሳለ፣ ሠንጠረዡ «ሀ»ን፣ «ሐ»ን እና «ኀ»ን፣ «ሰ»ን እና «ሠ»ን ለየብቻ አስቀመጠ። የፊደል ይቀነስ አይቀነስ ሙግት በኮምፒውተር ሠንጠረዥ እንዲፈረድ አልተደረገም። እንደ እኔ አስተያየት ከሥራው ሁሉ አስተዋዩ ውሳኔ ይህ ነው።

ይኸው ጥያቄ በሌላ ጉባኤ ሌላ መልስ አግኝቷል። የኢንተርኔት ስያሜዎችን የሚያስተባብረው አይካን፣ ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ የሚመጣው ስያሜ በየአገሩ ፊደል እንዲጻፍ ሲፈቅድ፣ ለግዕዝ ፊደል በወጣው ደንብ ሞክሼዎቹ እርስ በርሳቸው ተለዋጭ ተብለው ተመዘገቡ። በአንደኛው ፊደል የተጻፈ ስያሜ ከተያዘ በሞክሼው የተጻፈው ለሌላ ሰው አይሰጥም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንድ አጭበርባሪ «ሀብት» የሚለውን «ሐብት» ብሎ አስመዝግቦ የሰው ገንዘብ እንዳይዘርፍ ነው። የዚህን ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ ሁለቱን ድምፆች የሚለየው ትግርኛ ተናጋሪ ነው፤ ፊደሉን የምንጋራ ሕዝቦች በአንድ ደንብ ስንተዳደር የአንዱ አጥር በሌላው ደጃፍ ላይ ያልፋል። እኔም በጥናቴ ከዚሁ ጋር ተፋጥጫለሁ። ብዙ ተመራማሪዎች የፍለጋ ሥርዓት ሲሠሩ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ፊደል መልሰው ጽሑፉን እንደዚያው ያስቀምጡታል። ይህን አልቀበለውም። ማዋሐዱ ፈላጊው ቃል በሚያስገባበት ጊዜ ቢደረግ ይጠቅማል፤ በክምችቱ ላይ ከተደረገ ግን ጨረቃ ሠረቀች የሚለው ጽሑፍ ጨረቃን ሌባ አድርጓት ይቀራል።

ሁሉም ጉባኤ ግን እንዲህ በር የተከፈተለት አይደለም። የሞባይል አጭር መልእክት መስፈርት በአውሮፓ ሲዘጋጅ፣ አንድ መልእክት 140 ባይት እንዲሆን ተወሰነ። በሰባት ቢት የላቲን ሠንጠረዥ ሲጻፍ 160 ፊደል ይይዛል፤ ግዕዝ እንደገባበት ግን ለእያንዳንዱ ፊደል 16 ቢት ስለሚያዝ 70 ብቻ ይሆናል። በእንግሊዝኛ በተጻፈ መልእክት ውስጥ አንዲት «ሀ» ብትገባ እንኳ መላው መልእክት ወደ 70 ይወርዳል። ፍርዱ ሚዛናዊ እንዲሆን፣ «ሰላም» በእኛ ሦስት፣ በላቲን አምስት ፊደል መሆኑን መጨመር ይገባል፤ ጉዳቱ በቁጥሩ የሚታየውን ያህል አይከፋም። ያም ሆኖ ሰው አማርኛውን በላቲን ፊደል መጻፍ እንዲለምድ ይህ የራሱን ድርሻ ሳያበረክት አልቀረም ብዬ አምናለሁ። በሰባት ቢቱ ሠንጠረዥ መጀመሪያውኑ አሥር የግሪክ ትልልቅ ፊደላት ቦታ ነበራቸው፤ ኋላ ለቱርክኛ፣ ቀጥሎም ለሕንድ ክፍለ አህጉር ቋንቋዎች ልዩ ሠንጠረዦች ተጨምረዋል። ሰባት ቢት የሚሰጠው 128 ቦታ ስለሆነ የእኛ ፊደል ለየቀለሙ ቁጥር በሰጠበት መልኩ ቢጠየቅለትም ሊገባ አይችልም።

በዩኒኮድ ጉባኤ ድምፅ የሚሰጡት በአብዛኛው የአባልነት ክፍያ የሚፈጽሙ ግዙፍ ኩባንያዎች ናቸው። ነገር ግን የዑማን የአውቃፍና የሃይማኖት ጉዳዮች ሚኒስቴርም ከሙሉ አባላት አንዱ ለመሆን በቅቶ ነበር፤ ለፊደሉ ጉዳይ መክፈልን የመረጠ መንግሥት መቀመጫ እንደሚያገኝ ከዚህ ይታያል። የሆነ ሆኖ ሰነዶቹን ተከታትዬ እንዳነበብሁት፣ ነገሩን የሚወስነው ከድምፁ ይልቅ የማመልከቻው ጥራት ነው። ማመልከቻ ማቅረብ ለማንም ክፍት ነው፤ ክፍያም የለበትም። የሚጠየቀው ማስረጃ ነው፦ ፊደሉ ታትሞ የወጣባቸው ገጾች፣ ቅርጹ፣ በተራው የሚቀመጥበት ቦታ፣ የሚጠቀምበት ማኅበረሰብ። ለግዕዝ ፊደል ከቀረቡት ብዙዎቹ ላይ በተደጋጋሚ የሚገኘው የግዕዝ ፍሮንቲር ፋውንዴሽኑ የዳንኤል ያዕቆብ ስም ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይም ከ2002 ጀምሮ ያልተመዘገቡ ጽሕፈቶችን የሚያግዝ አንድ ፕሮጀክት አለ። ማስረጃው ግን በዚህ አገር፣ በየቋንቋ ትምህርት ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ነው፤ የቢሮ ኃላፊዎችን ፊርማ የሚጠብቅም አይደለም።

መዘግየቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ የእትሞቹ ዓመታት ይናገራሉ። በ1999 የተመዘገበው ለግዕዝ፣ ለአማርኛና ለትግርኛ የሚበቃ ነበር። የሰባት ቤት ጉራጌ፣ የቤንች፣ የሜኤንና የብሊን ልዩ ፊደላት የገቡት በ2005 ነው። የጋሞ፣ የጎፋ፣ የዳውሮ፣ የባስኬቶና የጉሙዝ በ2010 ተከተሉ። ለጉራጊኛ አዲሱ አጻጻፍ ያስፈለጉት 28 ፊደላት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021፣ ከመጀመሪያው ምዝገባ 22 ዓመታት በኋላ ተጨመሩ። በዚህ መካከል በእነዚህ ቋንቋዎች የመማሪያ መጽሐፍ ያዘጋጀ ሰው፣ እኔ በዲስኮቹ ላይ ያገኘሁትን ዓይነት የግል ፎንት ከመጠቀም በቀር አማራጭ አልነበረውም።

የጉራጊኛው ጉዳይ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። ከንፈርን አክብቦ የሚነገረው «ምዊ» ከ2005 ጀምሮ 4993 የሚል ቁጥር አለው። አጻጻፉ ሲሻሻል ቅርጹ ስለተለወጠ፣ በ2021 ለአዲሱ ቅርጽ 124909 ተሰጠ፤ የቀድሞው በደንቡ መሠረት አልተነሣም። ስለዚህ ለአንድ ድምፅ ሁለት ቁጥር አለ። አዲሱ ቁጥር ከ65,536 በላይ በመሆኑ፣ በድሮው ግምት የተሠሩ ፕሮግራሞች አንዱን ፊደል ሁለት ብለው ይቆጥሩታል፤ ብዙ ስልኮችም ፎንታቸው ስላልታደሰ በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሳጥን ያሳያሉ። አንዲት የትምህርት ባልደረባዬ በጉራጊኛ የሕፃናት ተረት ታሰባስባለች። የመጀመሪያዎቹን ተረቶች በቀደሙት ፊደላት፣ የኋለኞቹን በአዲሶቹ ጽፋቸዋለች። ሁለታችን የተስማማነው ተረቶቹ እንደተጻፉ እንዲቀመጡና ሁለቱን ቁጥሮች የሚያገናኝ ሠንጠረዥ በፍለጋው በኩል እንዲሠራ ነው። ሠንጠረዡ የ«መ»ንና የ«በ»ን ቤት ጨርሶ አሁን «ፈ» ላይ ደርሷል።