እንጨትህስ የታለ?

አንባቢ ሆይ፤ ጥቂት ቀን ብቻ ቆሞ እንዲፈርስ ታስቦ የተሠራ ሥራ ጥበብ ይባላልን? የቡልጋሪያው ተወላጅ ክሪስቶ ከባለቤቱ ከዣን ክሎድ ጋራ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1995፥ በርሊን ያለውን ትልቁን የምክር ቤት ሕንፃ ከ100,000 ካሬ ሜትር በሚበልጥ ጨርቅ ጠቀለለው። ከ14 ቀን በኋላ ተገፈፈ። ይህን ሳነብ «ምን ዓይነት ከንቱ ድካም ነው!» ብዬ ሣቅሁ። የደመራ አገር ልጅ ሆኜ መሣቄ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ለመስቀል ሞላሌ ሄጄ ነበር። የመንዝ ብርድ በመስከረምም ባና ያስደርባል። ሰዉ ከየቤቱ እንጨቱን ተሸክሞ ይመጣል፤ አንዱ ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ፥ ሌላው የጎበጠ ጥድ፥ ጫፉ ላይ አደይ አበባ የታሰረበት። ንድፍ የሚያወጣ መሐንዲስ የለም፤ እንጨቱ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ይቆማል። ዩኔስኮ የመስቀልን በዓል በ2006 ዓ.ም. በቅርስነት መዝግቦታል፤ ሠሪው ማን ነው ቢባል ግን አንድ ስም አይገኝለትም።

እኔ የአዲስ አበባ የመሥሪያ ቤት ሰው ነኝና፥ ስልኬን አውጥቼ ለፎቶግራፍ የሚመች ቦታ እመርጥ ነበር። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው፥ «ልጄ፥ እንጨትህስ የታለ?» አሉኝ።

«እንግዳ ነኝ፥ አባባ።»

«የማን ልጅ ነህ?»

የአባቴን ስም ነገርኋቸው። ጥቂት አዩኝና፥ «እሱ ባዶ እጁን መጥቶ አያውቅም» አሉ።

ደመራው ነድዶ ሲወድቅ፥ ሰዉም የዓመቱን ዕድል ከአወዳደቁ ሲገምት፥ እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆሜ ነበር። በኋላ ሽማግሌው ፈልገው አገኙኝ፤ አመድ በጣታቸው አንሥተው ግንባሬ ላይ መስቀል አደረጉልኝ። አመዱ ገና ትኩስ ነበረ።