ያሳገድኩት ቼክ

«ተሸውደሃል» ተብሎ ደስ የሚለው ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እኔን ግን ደስ ብሎኛል። የምናዘዘው ስለዚያች ደስታ ነው። ቼኩን ያሳገድኩት ከእርሷ በኋላ ነው፤ እርሷ ባትኖር ኖሮ ላሳግደው የምችል አይመስለኝም። ወይም ሌላ ምክንያት እፈልግ ነበር፤ ይህንንም አልክድም።

ነገሩ የሆነው በባልቲሞር ከተማ በተደረገ የሳንቲም ኤግዚቢሽን ላይ ነው። እኔ የምኖረው ከዚያ ብዙም በማይርቀው፣ ሐበሻ በሚበዛበት በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የድሮ ገንዘብ መሰብሰብ የጀመርኩት አገሬን ከለቀቅኩ በኋላ ነው። ልጅ ሳለሁ የአያቴ ሳጥን ውስጥ ጠገራ ብር ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ገልበጥ አድርጌ አላየሁትም። እዚህ መጥቼ ነው ማሪያ ቴሬዛ በ1780 እንደ ሞተች፣ ገንዘቧ ግን ያንኑ 1780 እንደ ያዘ በቪየናም፣ በሮምም፣ በለንደንም፣ በቦምቤይም ሲመታ እንደ ኖረ ያነበብኩት። የአገሬ ነጋዴ የንግሥቲቱን ጌጥ ፈርጦች ሳይቆጥር ጠገራውን አይቀበልም ነበር አሉ። ከጠገራው ወደ ምኒልክ ብር ተሻገርኩ። በፓሪስ የተመታ፣ ሃያ ስምንት ግራም የሚያህል፣ በአንድ ወገኑ ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ደፍተው፣ በሌላው አንበሳው ሰንደቁን ይዞ የሚታይበት፣ 1887 የሚለው ዓመተ ምሕረት በግዕዝ ቁጥር የተቀረጸበት። እርሱን ሳልይዝ መሞት የሌለብኝ መሰለኝ። ሰብሳቢ የሆነ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል፤ ያልሆነም ቢስቅብኝ አልፈርድበትም።

በዚህ ገበያ ካርድ የሚወድ ነጋዴ ብዙ አይደለም። የካርዱ ድርጅት ከመቶ ሦስት ገደማ ይቆርጣል፤ የነጋዴው ትርፍም አንዳንዴ ከዚያ አይበልጥም። የሚመረጠው ጥሬ ገንዘብ ነው፤ እርሱንም በብዛት ይዞ መዞር ያስፈራል። ስለዚህ ነጋዴዎቹ እርስ በርሳቸው ቀኑን ሙሉ ቼክ ሲጻጻፉ ይውላሉ። የማያውቁት ገዢ ቼክ ሲያወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ነጋዴው የሚሰጠው ብር ነው፣ የሚቀበለው ወረቀት። ገንዘቡ ሂሳቡ ውስጥ ገብቶ ቢያይ እንኳ ቼኩ ከቀናት በኋላ ሊመለስበት ይችላል። አንዳንዱ ሳንቲሙን እዚያው አስቀርቶ ቼኩ ሲጸና በፖስታ ይልካል። አንዳንዱ የመንጃ ፈቃድ ቁጥር ቼኩ ላይ ይጽፋል። ሌላው ደግሞ «ማን ያውቅሃል?» ይላል።

እኔን የሚያውቀኝ ሰው ነበረ። ጋሼ የምላቸው አንድ የአገሬ ሰው፣ ከእኔ በፊት ብዙ ዘመን ሲሰበስቡ የኖሩ፣ ወደዚያ ገበያ የወሰዱኝም እርሳቸው ናቸው። ነጋዴው ቼክ ደብተሬን አይቶ ቀና ሲል ወደ እኔ አልነበረም ያየው፤ ወደ እርሳቸው ነው። እርሳቸውም «የኔ ሰው ነው» አሉት። ሌላ ምንም አልተባለም። አገር ቤት ዋስ የሚሆን ሰው ይፈርማል፣ የቤቱን ካርታ ያሲዛል። እርሳቸው ያስያዙት ቃላቸውን ብቻ ነበር፤ እኔም ያን ጊዜ እንደ ቀላል ነገር አየሁት። እንዲያውም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ኮራሁበት።

ነጋዴው ሳንቲሙን ከካርቶን ማቀፊያው አውጥቶ መብራቱ ሥር ያዘው። ጠርዙን በሁለት ጣት ይዞ ወዲህና ወዲያ እያጋደለ፣ አጉሊ መነጽሩን ወደ እኔ እየገፋ የሆነ ነገር ነገረኝ። አዳራሹ ይንጫጫል፤ አነጋገሩም ፈጣን ነው። እኔም አጉሊ መነጽሩን ዓይኔ ላይ አድርጌ ራሴን ነቀነቅኩ። አየሁ የምለው አንበሳውን ነው። ከዚያ 450 ዶላር ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ፤ ስልክ ቁጥሬን ጨመርኩበት፤ ደረሰኙን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ።

ገንዘቡ ባንክ ነበር። ይህን የምለው ራሴን ለማቅለል አይደለም፤ ምናልባት ያከብደው ይሆናል። አገር ቤት በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መጻፍ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 693 ያስቀጣል፤ ደረቅ ቼክ ጽፎ የታሰረ ሰውም ሁላችንም እናውቃለን። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ቸግሮት ነው። እኔን አልቸገረኝም። ሂሳቡ የእኔና የባለቤቴ የጋራ ነው፤ ያ ገንዘብም ለሌላ ነገር ተብሎ በሁለታችን ስምምነት የተቀመጠ ነው። እርሷን ሳልጠይቅ አወጣሁት። ገና መኪና ውስጥ ሳለን፣ ጋሼ ስለ አንበሳው እግር በደስታ ሲያወሩኝ (በአንዳንዱ ዓመተ ምሕረት ግራውን ያነሣል፣ በአንዳንዱ ቀኙን) እኔ ቤት ገብቼ ምን እንደምል እያሰላሁ ነበር። ጸጸት አልለውም። ጸጸት ቢሆን ኖሮ መኪናውን አስቁሜ እመለስ ነበር። የሚፈለገውም ይህን ያህል ነበር፤ ነጋዴው እዚያው ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ቼኬም ኪሱ ውስጥ ነው። «ይቅርታ፣ አቅሜን ሳላይ ገዛሁ» ብዬ ብመልስለት በሳቅ የሚያሰናብተኝ ዓይነት ሰው ነው። ግን ይህን ጋሼ ፊት ማለት ነበረብኝ። አቅም እንደሚያንሰኝ እንዲያውቁ አልፈለግኩም።

በማግስቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ቡና ስንጠጣ ሳንቲሙን ለአንድ ወዳጄ አሳየሁት። ተቀብሎ ወደ መስኮቱ አዞረና «ይሄማ ታጥቧል። ተሸውደሃል» አለኝ።

ለማያውቀው ላስረዳ። ብር ሲያረጅ ይጠቁራል፤ ሰብሳቢዎች የሚወዱት ያንን ጥቁረት ነው። ፈትጎ ያነጻው ሰው ከላዩ ስስ ሽፋን ያነሣለታል፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ በፀጉር የተጫረ የሚመስል ጭረት ይቀርበታል፤ ዋጋውም ይወድቃል። እናቴ የአንገቷን መስቀል ለበዓል በሎሚና በአመድ ፈትጋ ነበር የምታበራው። ሳንቲም ማብራት ጥፋት ነው ብላት ትስቅብኝ ነበር። አገራችን የቀሩት የምኒልክ ብሮች ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ደግ እጅ ውስጥ ያለፉ ናቸው፤ ጆሮ ተበጅቶላቸው አንገት ላይ የዋሉ አሉ፣ ቀልጠው መስቀልና አምባር የሆኑም አሉ። ስለዚህ የታጠበ የምኒልክ ብር ብርቅ አይደለም። ይህን እኔም አውቅ ነበር፤ ከመግዛቴ በፊትም አውቅ ነበር።

ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ትከሻዬ ላይ የነበረ ነገር ወረደልኝ። ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ የምመለስበት መንገድ ስፈልግ ነበርና እነሆ ተገኘ፤ ያውም የማያሳፍር። አቅሜን ሳላውቅ ገዛሁ የሚል ሰው ያፍራል። የተታለለ ሰው ግን ድሃ አይባልም፤ መቆጣት ይፈቀድለታል፤ ሰውም ያዝንለታል። ፊቴን ቆጣ አድርጌ «እነዚህ ሌቦች!» አልኩ። ወዳጄም አዘነልኝ። ሚስቴም ማታ ስነግራት ስለ ገንዘቡ መቆጣቷን ትታ በነጋዴው ላይ ተቆጣች። ያን ምሽት እንደ በዳይ ሳይሆን እንደ ተበዳይ ተኛሁ። እንቅልፉም ጥሩ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ባንኩ ጋ ደወልኩ። ቼክ ማሳገድ እዚህ አገር ቀላል ነው፤ የቼኩን ቁጥር፣ የገንዘቡን መጠንና ቀኑን መናገር፣ ሠላሳ ዶላር ገደማ መክፈል። የባንኩ ሠራተኛ ምክንያቱን ስትጠይቀኝ «የዕቃው ጥራት» አልኳት። ልጅቷ «አዝናለሁ» አለችኝ። እርሷም!

ሳንቲሙ በዚህ ሁሉ ጊዜ እኔ ዘንድ ነበር። ተታለልኩ ብዬ ከልቤ አምኜ ቢሆን ኖሮ ዕቃውን በአንድ እጄ፣ አቤቱታዬን በሌላው ይዤ እሄድ ነበር። ሳንቲሙንም ያዝኩ፣ ገንዘቡንም ያዝኩ። እመልስለታለሁ ብዬ አስቤ ነበር ማለት እችላለሁ፤ አስቤም ነበር። ግን ሐሳቤ እንዴት እንደምመልሰው ሳይሆን ስመልሰው ምን ብዬ እንደምገሥጸው ነበር።

ነጋዴው ደወለ፤ አላነሣሁም። መልእክት ተወ። ድምፁ የተቆጣ አይመስልም፤ «ምናልባት ባንኩ ተሳስቶ ይሆናል፣ ሲመችህ ደውልልኝ» ይላል። አልደወልኩም። ይልቅ ለክርክሩ ማስረጃ እንዲሆነኝ ደረሰኙን መፈለግ ጀመርኩ። ያን ጃኬት ከዚያ ቀን ወዲህ አልለበስኩትም ነበር፤ ኪሱ ውስጥ ታጥፎ አገኘሁት። ከካርቦን ሥር የሚቀረው ሮዝ ቅጂ ነው፤ ጽሕፈቱ ቢደበዝዝም ይነበባል። የሳንቲሙ ስም፤ ዓመቱ፤ ቀጥሎ «የጸዳ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፣ ከሥሩ ተሰምሮበት። ዋጋው መጀመሪያ ከፍ ብሎ ተጽፎ ተሰርዟል፤ ከጎኑ 450።

መብራቱ ሥር ሲነግረኝ የነበረው ይህንኑ ነው። ጭረቱን እያሳየኝ ነበር፤ አጉሊ መነጽሩን የገፋልኝም ለዚሁ ነው። ዋጋውንም ስለዚሁ ነው ዝቅ ያደረገው። አልሰማሁም ልል ብዙ ሞክሬአለሁ። ጫጫታ ነበረ፤ የእንግሊዝኛዬም ነገር ይታወቃል። ነገር ግን ዋጋው ሲቀነስ ሰምቻለሁ። የቀነሰበትን ምክንያት ያልሰማ ጆሮ ቅናሹን እንዴት ሰማ? የሰማሁ ይመስለኛል። ሰምቼ፣ በዚያች ሰዓት ስለማይጠቅመኝ፣ የተውኩት ይመስለኛል። በማግስቱ ደግሞ ሌላ ሰው ሲነግረኝ እንደ አዲስ ነገር ደነገጥኩ።

ያን ዕለት መደወል ነበረብኝ። አልደወልኩም፤ ባንክ ሄጄ 450 ዶላር ሲፒኦ አሠራሁና በፖስታ ላክሁለት። አብሬ ባያያዝኩት ወረቀት ላይ የጻፍኩት ግን ከሁሉም ይብሳል፤ «እንዳሉት የባንኩ ስሕተት ነበር፣ ይቅርታ» የሚል ነው። መውጫ ከፍቶልኝ ስለነበረ በዚያ ወጣሁ።

ሲፒኦው ተመለሰ። «ተከፍሏል፣ አመሰግናለሁ» የሚል አጭር ጽሑፍ ተያይዞበታል። ማን እንደ ከፈለው ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም።

ጋሼ ቤት ሄድኩ። ቡና ተፈላልኝ፤ ስለ ልጆቹ ጠየቁኝ። እኔ መጀመር ሲያቅተኝ እርሳቸው ከመሳቢያ አንድ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አደረጉት። እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ እዚህ አገር የሚመለሰው ብዙውን ጊዜ ዋናው ቼክ ሳይሆን ባንኩ ያተመው ምስሉ ነው። ፊርማዬ አለ፤ የእጅ ጽሕፈቴ አለ፤ ከላዩም የተመለሰበት ምክንያት በግልጽ ታትሟል፤ ክፍያው በፈራሚው ትእዛዝ የታገደ መሆኑን ይናገራል። ነጋዴው «ምናልባት ባንኩ ተሳስቶ» ብሎ መልእክት ሲተውልኝ ይህ ወረቀት እጁ ላይ ነበር። አውቆ ነው። እያወቀ ነው ያን በር የተወልኝ፤ እኔም በዚያ በር ገብቼ በጽሑፍ ዋሸሁት።

ለእርሳቸውም የደወለላቸው ገንዘብ ለመጠየቅ አልነበረም። «ያ ወዳጅህ ደህና ነው ወይ?» ብሎ ነው የጠየቃቸው። የቀረውን ጠይቀው ያወጡት እርሳቸው ናቸው፤ በዚያው ቀን ሄደው በጥሬ ገንዘብ ከፈሉለት።

ገንዘቡን ሳወጣ እምቢ ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር አልልም፤ እንዲሉኝ ተመኝቼ ነበር ብል ይቀርባል። «ተወው ልጄ» ቢሉኝ የይቅርታ ያህል እቆጥረው ነበር። አላሉም። ተቀብለው ቆጠሩትና መሳቢያው ውስጥ አስገቡት። ዛሬ ሳስበው ትክክል ናቸው። ከዚያ ወዲህ በሰላምታ አልተለያየንም፤ ባልቲሞር ግን አብረን ሄደን አናውቅም። እርሳቸውም አልጠሩኝ፣ እኔም አልጠየቅኩ። ለስንት ሰው «የኔ ሰው ነው» ይሉ እንደ ነበር፣ ከእኔ በኋላ ይህን ማለት ትተው እንደሆነ አላውቅም። የሚያስጨንቀኝ ከገንዘቡ ይልቅ እርሱ ነው።

ለሚስቴ ዘግይቼ ነገርኳት። የተቆጣችበት ሰው ጥፋት እንደሌለበት ስትሰማ ዝም አለች፤ ከዚያ «ታዲያ እኔን ለምን አስቆጣኸኝ?» አለችኝ። እስካሁን መልስ አልሰጠኋትም።

ወደ ኤግዚቢሽኑ ብቻዬን መሄድ ከጀመርኩ በኋላ የዚያን ሰው ጠረጴዛ እየሸሸሁ በሌላው መተላለፊያ እዞር ነበር። በመጨረሻ አንድ ቀን ሄድኩ። ሁሉንም ልነግረው ተዘጋጅቼ ነበር። ሰላም አለኝ፤ አወቀኝ። እኔም ከትሪው ላይ አንዲት ትንሽ የምኒልክ ግርሽ አንሥቼ ዋጋዋን ጠየቅኩ። በጥሬ ገንዘብ ከፈልኩ። ጥሬ ገንዘቡ እንዲናገርልኝ ፈልጌ ነበር መሰለኝ፤ ገንዘብ ደግሞ አይናገርም። ደረሰኝ ልጻፍልህ ወይ ሲለኝ አዎ አልኩት። ጻፈልኝ። አሁን እያንዳንዱን መስመር ፊቱ አነባለሁ። የመጣሁበትን ግን ሳልነግረው ወጣሁ፤ አሁንም አልነገርኩትም።